ማስታወቂያ መለጠፉ ቀላል ነው፤ ማንሳቱ ነው ሥራው

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ሰሌዳ አቁመን የሚከራይ ቤት፣ የሚሸጥ ዕቃ፣ ሠራተኛ ፈላጊና ሥራ ፈላጊ መለጠፍ ስንጀምር ነገሩ የወረቀትና የሙጫ ጉዳይ ብቻ መስሎን ነበር። የቴሌግራሙ ቻናል ኋላ የመጣ ነው። በሁለቱም ላይ የሠራናቸው ስህተቶች ሰውን ብር አስከፍለዋል፣ እኛንም ስም። ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ወይም አረርቲ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ወይም አንዲት ላምና አንድ ክፍል ቤት ብቻ ማስተዋወቅ የፈለጋችሁ፣ እኛ በወደቅንበት እንዳትወድቁ የምናውቀውን እነሆ።

መጀመሪያ ያስቸገረን ዝናብ ነው። ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር የወጣ ወረቀት የሐምሌ ካፊያ ሲነካው ስልክ ቁጥሩ ሰማያዊ ጅረት ሆኖ ይወርዳል። የፎቶ ኮፒ ማሽን ጽሑፍ ግን በሙቀት የተጣበቀ ዱቄት ስለሆነ ውሃ አያሟሟውም። ስለዚህ በፕሪንተር ያወጣችሁትን አንዱን ቅጂ ፎቶ ኮፒ አድርጉና ኮፒውን ለጥፉ። በእጅ ከጻፋችሁ የማይለቅ ወፍራም ማርከር ይሁን፤ እስክሪብቶ ባይፈስም ከሁለት እርምጃ በላይ አይነበብም። ሰሌዳውን ከቺፑድ ሠርተነው በአንድ ክረምት እንደ ዳቦ አብጦ ተላጠ። አሁን ያለው ጀርባው ቆርቆሮ ነው፣ ከላዩም አንድ ስንዝር ተኩል ወጣ ያለ ክዳን አለው። ክዳኑ ከሌለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሙጫ አትግዙ። አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪልም በጥብጡ፣ አራት ኩባያ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩበት፣ ወፈር ሲል አውርዱት። ሁለት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይሸታል። አንድ ችግር አለው፤ ፍየል ይወደዋል። ወረቀቱን ከነሙጫው ሙልጭ አድርጎ የበላ ፍየል አይተናል፤ በኋላ እግሩ ቆሞ ስለሚንጠራራም ዝቅ ያለ አጥር ላይ መለጠፍ ለእሱ ቁርስ ማቅረብ ነው። ሰሌዳ ከማቆማችሁ በፊት ግን ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ፤ ከቤት ውጭ ለሚሰቀል ማስታወቂያ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የማስታወቂያ አዋጁ 759/2004 ይደነግጋል። የሰው አጥር ላይ ሳያስፈቅዱ መለጠፍማ ጠብ መግዛት ነው።

ከወረቀቱ ግርጌ ስልክ ቁጥሩን ደጋግማችሁ ጽፋችሁ በመቀስ ሰንጥቁት። አንድ መደበኛ ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ባለ 2 ሴንቲ ሜትር አሥር ቁራጭ ይወጣዋል፤ ርዝመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የመጀመሪያውን ቁራጭ ራሳችሁ ቅደዱት፤ ማንም ያልነካውን ወረቀት ሰው አይነካውም። ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ እያነበባችሁ ደውሉበት፣ ከባለቤቱ አፍ ሰምታችሁ አይደለም። አንድ ጊዜ 6 ቁጥር 0 መስላ ወጥታ፣ ቤትም ላምም የሌላቸው አንድ አባት ሳምንቱን ሙሉ "ቤቱ አለ?" ሲባሉ ከረሙ።

ጽሑፉ ላይ የፈጀነው ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። ሰው ይዞት የሚመጣው እንዲህ ያለውን ነው፦ "የሚከራይ ቤት፣ ጠባሴ አካባቢ፣ ዋጋ በስምምነት።" ይህ ከተለጠፈ ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፤ አከራዩም በሦስተኛው ቀን ስልኩን ይዘጋል። አጭር ማስታወቂያ ብዙ ደዋይ ያመጣል፣ ተከራይ ግን አያመጣም። እኛ አከራዩን ቁጭ አድርገን ደዋዮቹ የጠየቁትን ጥያቄ ሁሉ አስቆጠርነው፤ መልሶቹን ጻፍናቸው። እንዲህ ሆነ፦

"ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ በእግር 6 ደቂቃ። አንድ ክፍል፣ 4 በ4። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒስ አለው፣ ወለሉ ሊሾ። መብራት ከአከራይ ጋር በጋራ ቆጣሪ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ አይፈቀድም። ውሃ በሳምንት 2 ቀን ይመጣል፣ ግቢ ውስጥ 1,000 ሊትር ሮቶ አለ። ሽንት ቤት ለ3 ቤተሰብ የጋራ። የግቢ በር ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል። አከራይ ግቢው ውስጥ ይኖራሉ።" ቀጥሎ የወር ኪራዩና የቅድሚያ ክፍያው በቁጥር፣ ከዚያ የወጣበት ቀን።

"ምጣድ አይፈቀድም" የምትለዋን አከራዩ ሊያስወጣት ፈልጎ ነበር። "ሰው ታባርርብኛለች" አለ። ልክ ነው፣ ታባርራለች፤ የምታባርረው ግን ቤቱን አይቶ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ከገባ በኋላ የሚጣላውን ነው። ኮርኒሱም እንዲሁ መጠቀስ አለበት። ለሌላ ከተማ ትርፍ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖር ሰው ግን በኅዳር ውርጭ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መጥቶ ሥራ የጀመረ ወጣት ግን አያውቀውምና ጻፉለት።

ዋጋ አለመጻፍ እዚህ ሀገር ልማድ ነው። ሻጩ "ከጻፍኩ እዚያ ላይ ይቆምብኛል" ይላል፣ ገዢው ደግሞ ዋጋ ያልተጻፈበት ሁሉ ውድ ይመስለዋል። "ትንሽ ድርድር አለው" ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉት። ገበያ ላይ በግ ስትገዙም እኮ መጀመሪያ የሚጠራ ዋጋ አለ።

ነገሩን ያጠበቅነው ከአንድ መስከረም በኋላ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አዲስ ሠራተኛ አንድ ላይ ቤት በሚፈልጉበት ሰሞን፣ አንድ ሰው አንዱን ክፍል ለሦስት ሰው አከራይቶ ቀብድ ሰብስቦ ጠፋ። ማስታወቂያው የወጣው እኛ ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰውየው አከራይ አልነበረም፤ የኪራይ ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት የቀረው ተከራይ ነበር። ቁልፍ ነበረው፣ ቤቱን ከፍቶ አሳይቷል፣ ሻይም ጋብዟል። ቁልፍ የያዘ ሁሉ ባለቤት እንዳልሆነ ያወቅነው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቤት ማስታወቂያ የምንቀበለው ባለቤቱ መታወቂያውን፣ ከዚያም በስሙ ያለ አንድ ወረቀት ሲያሳይ ነው፦ የይዞታ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ ወይም ቢያንስ የመብራት ቢል። ወረቀቱን አናስቀምጥም፣ ስሞቹ መግጠማቸውን አይተን እንመልሳለን። ተወካይ ከሆነ ውክልናውን እናያለን። እናንተም ቤት ፈላጊ ከሆናችሁ ከዚህ ሁሉ የሚቀል መንገድ አለ። ቤቱን አይታችሁ ስትወጡ አከራይ ነኝ ባዩን ተሰናበቱና ሁለት በር አልፋችሁ አንዷን እናት ጠይቁ፦ "እትዬ፣ ያ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ የማን ነው?" በደብረ ብርሃን ሰፈር የጎረቤቱ ግቢ የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። "የእነ እከሌ ነው፣ እሳቸው ግን አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ናቸው" ከተባላችሁ፣ ያነጋገራችሁ ሰው ማን እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ነው።

ቀብድን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ የሚሠራው ግን ገንዘቡ ቀብድ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ "ለእንዲህ ያለ ቤት ቀብድ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ" የምትል ሁለት መስመር፣ ከቀኑና ከሁለት ምስክር ፊርማ ጋር፣ በእጅም ቢሆን ጻፉ። የቤት ሽያጭ ከሆነ በወረቀት ቁራጭ የሚያልቅ ነገር የለም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። ካርታው ላይ ዕዳ ወይም ዕገዳ መኖር አለመኖሩን ከማዘጋጃ ቤቱ ሳታጣሩ አንድ ብር አትክፈሉ። ስለ ኪራይ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ በከተማችሁ መጀመሩን ጠይቁ። እስከዚያው ግን የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሲመጣ ተከራዩ የሚጠቅሰው ነገር ማግኘቱ በራሱ ጥሩ ነው።

ቴሌግራሙን ስንከፍት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሌባ መጣ። ሻጩ ፍሪጁን ያስጭናል፣ ገዢው "ብሩን አስገብቻለሁ" ብሎ ስልኩን ያሳያል፣ በሻጩም ስልክ ላይ የባንክ መልእክት የሚመስል ነገር ይገባል። በቅርብ ስታዩት መልእክቱ የመጣው ከተራ የሞባይል ቁጥር ነው። የንግድ ባንክ መልእክት የሚመጣው በባንኩ ስም ሲሆን የቴሌብር ደግሞ ከ127 ነው። ቃላቱ አንድ ዓይነት፣ የብሩ መጠንም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ላኪው ላይ ብቻ አተኩሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መልእክቱን ጭራሽ ትቶ ሒሳብን ማየት ነው፦ ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127#፤ ሁለቱም ኢንተርኔት አይፈልጉም። ገዢው ሲያጣድፋችሁ፣ "ኔትወርክ ነው፣ ቆይቶ ይገባል፣ ጋሪው እየጠበቀ ነው" ሲል፣ ጋሪው ይጠብቅ። በገዢው ስልክ ላይ ያለ የደረሰኝ ፎቶ ገንዘብ አይደለም።

ከሚሸጥ ነገር ሁሉ ብዙ ሰው የሚጭበረበረው በላም ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የወተት ዲቃላ ላም የሚያረባው ብዙ ነው፣ "20 ሊትር የምትታለብ" የምትል ማስታወቂያም ሞልታለች። የ20ው ሊትር ምስጢር ቀላል ነው። ሻጩ ማታ ሳያልብ ያሳድራትና ገዢ ባለበት ጠዋት ያልባታል፤ የሁለት ጊዜ ወተት በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ጡቷ እስኪወጠር ሞልቶ ሳይነካ መፍሰስ ከጀመረ ተጠራጠሩ። ገዢ ማታ ሲታለብ አይቶ፣ እዚያው ወይም አቅራቢያው አድሮ፣ ጠዋት ሲታለብ ማየት አለበት፤ ሁለቱ ተደምረው ነው የቀን ወተቷ። ሻጭ ከሆናችሁ ማስታወቂያው ላይ "ማታም ጠዋትም ስትታለብ ማየት ይቻላል" የሚል መስመር ጨምሩ። ይህ አንድ መስመር ከአሥር ፎቶ ይበልጣል። ሌላው የሚጻፈው፦ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደወለደች፣ ጥጃዋ ወንድ ይሁን ሴት፣ አብራ ትሸጥ እንደሆነ፣ ተጠቅታ (ተዳቅላ) ከሆነ መቼ፣ ምን እየበላች እንደምትታለብ። ፋጉሎና ፉርሽካ ስትበላ የምትሰጠውን ወተት በጭድ ብቻ አትሰጥም፤ ይህ ሳይጻፍ ተሸጣ በወሩ "አታለላችሁኝ" የተባለባት ላም ሻጭ አላታለለም ነበር። ከአራቱ ጡት አንዱ የደረቀ ከሆነም ጻፉት፤ ገዢው ሲያልብ ማየቱ አይቀርም።

የሥራ ማስታወቂያ ላይ ሁለት ጠንካራ ሕግ አለን። አንደኛው፣ "መመዝገቢያ" ወይም "የፎርም" ብር የሚያስከፍል ቀጣሪ አይለጠፍም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል አይችልም። "ፋብሪካው ውስጥ ሰው አለኝ" የሚል ደላላ ሲገጥማችሁ ወደ ፋብሪካው በር ሄዳችሁ ሰሌዳውን አንብቡ፤ የእግር መንገድ ነው የሚያስከፍላችሁ። ሁለተኛው፣ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ ምሳ መኖር አለመኖሩ፣ ተያዥ ይጠየቅ እንደሆነ መጻፍ አለበት። "ተያዥ ማቅረብ የምትችል" የሚለው ሳይጻፍ ቀርቶ ከሰላ ድንጋይ መጥታ ሥራውን ልትጀምር ስትል የተመለሰች ልጅ አለች። የትራንስፖርቱን ብር ማን ይመልስላት?

ሴቶች በራሳቸው ስልክ ሥራ ፈላጊ ብለው ሲያወጡ የሚሆነውን መጀመሪያ አላሰብንበትም። ወረቀቱ በተለጠፈ ማታ አምስት ሰዓት ላይ መደወል ይጀምራል፤ ስለ ሥራ ግን አይደለም። አሁን የሴት ሥራ ፈላጊ ቁጥር ሰሌዳ ላይ አናወጣም። "ቁጥር 14፣ ልብስ ስፌት የምትችል፣ የ3 ዓመት ልምድ ያላት" ብለን እንለጥፋለን፤ ቀጣሪው ሱቁ መጥቶ ስሙን አስመዝግቦ ነው ቁጥሩን የሚወስደው። አስመዝግቡ ሲባል የሚናደድ ቀጣሪ ካለ ናፍቆት አይገድለንም።

ስለ ደላላ የሰው ሐሳብ ይለያያል። "ደላላ አይደውል" ብለን በትልቁ ስንጽፍ ደላሎቹ ገዢ መስለው ይደውሉ ነበር፤ ፎቶውን ወስደው ዋጋ ጨምረው በራሳቸው ቻናል ያወጡታል፣ ባለቤቱም የራሱን ቤት በሌላ ዋጋ ያገኘዋል። መዋጋቱ አላዋጣም። አሁን የደላላ ማስታወቂያ "በደላላ" የሚል ቃል ራሱ ላይ ተጽፎበት፣ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍልና ስንት እንደሆነ ተገልጾ ይወጣል። አብዛኞቹ ተስማምተዋል። የባለቤት ፎቶ ላይ ደግሞ ስልክ ቁጥሩን መሐሉ ላይ፣ ሲቆርጡት በማይወጣበት ቦታ እንጽፍበታለን።

እንግዲህ ወደ ማንሳቱ። ብዙ ጊዜ ያሳፈረን ውሸት ማስታወቂያ አይደለም፣ እውነት የነበረ ግን ያለፈበት ማስታወቂያ ነው። ሰው ከደብረ ሲና ተነስቶ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ መጥቶ "ያ እኮ የዛሬ ሳምንት ተሸጧል" ሲባል፣ የሚረግመው ሻጩን አይደለም። ቴሌግራም ላይ ነገሩ ይብሳል። ጽሑፋችሁን "ተሸጧል" ብላችሁ ብታስተካክሉት በቻናሉ ያለው ብቻ ነው የሚስተካከለው፤ ሰው ወደ ሌላ ግሩፕ ያስተላለፈው ቅጂ እንደነበረ ይቀራል፣ የተላለፈበትን ቀን ይዞም አዲስ ይመስላል። መፍትሔው የወጣበትንና የሚያበቃበትን ቀን እዚያው ጽሑፉ ውስጥ መክተት ነው፦ "ኅዳር 3 ወጣ፣ እስከ ኅዳር 17 ብቻ።" የትም ቢተላለፍ ቀኑ አብሮት ይሄዳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን፤ ከፈረንጆቹ ጋር መቀላቀል አንድ ሳምንት ሙሉ ያምታታል።

በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ቻናሉ ዝም አለ፣ ሰውም ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው ቴሌግራም ላይ የነበረው ነገር ሁሉ በባሕረ መዝገብ አለመጻፉ የቆጨን። አሁን ቻናሉ ላይ የሚወጣው ሁሉ አስቀድሞ በመዝገቡ ይሰፍራል፤ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ዓይነቱ፣ ስልኩ፣ ማን እንዳመጣው፣ የሚያበቃበት ቀን፣ በመጨረሻም ምን ሆነ። የመጨረሻዋ ዓምድ ባዶ ከሆነች ሥራው አላለቀም። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መዝገቡን ይዞ ለየባለቤቱ ይደውላል፤ ያላነሣ ስልክ ካለ ማስታወቂያው ይወርዳል፣ ባለቤቱ ሲመጣ መልሶ ይወጣል። ክፍያውንም የቀየርነው በዚህ ነው። ስንለጥፍ ሙሉውን እንቀበላለን፤ ዕቃው ሲሸጥ በዕለቱ መጥቶ ወይም ደውሎ ለሚያስነሳ ሰው ግማሹን እንመልሳለን። ሰው ብሩን ለማስመለስ ይሮጣል፣ ሰሌዳው ንጹሕ ይሆናል።

የጠፋና የተገኘ ዕቃ ማስታወቂያ በነጻ ነው። ለሱ ደግሞ ጽሑፉ ተቃራኒ ነው፤ ሁሉንም አትጻፉ። ጠባሴ ላይ የቁልፍ ዘለላ ከተገኘ "ቁልፍ ተገኝቷል፣ ጠባሴ" ይበቃል። ስንት ቁልፍ እንደሆነና በምን ክር እንደታሰረ ባለቤቱ መጥቶ ይንገረን።